ጥቅሉን በምን እንድፈነው? ቫርኒሽ፣ ኢፖክሲ፣ ሲሊኮን ወይስ ሰም

ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ከደብረ ሲና የተቃጠለ ስታቢላይዘር ይዞልኝ ደብረ ብርሃን መጣ። ከፈትኩት። ትራንስፎርመሩ ከላይ እስከ ታች በጠንካራ ሬዚን፣ ፈሶ በሚጠነክር ሙጫ መሰል ነገር፣ ተሞልቷል። "ማነው እንዲህ የሞላው?" አልኩት። "እኔ ነኝ፣ ውሃ እንዳይገባው ብዬ" አለኝ፤ ኮራ ብሎ። ውሃ አልገባውም፣ እውነቱን ነው። የተቃጠለው በሌላ ምክንያት ነው። አሁን ግን አይፈታም። መዳቡ፣ ላሜራው (የተደራረበው ስስ ብረት) እና ሬዚኑ አንድ ድንጋይ ሆነዋል። ጥቂት ዙር ሽቦ ብቻ ቢቀየርለት ይድን የነበረ ትራንስፎርመር ተጣለ።

ስለዚህ የትራንስፎርመርም ሆነ የሞተር የሽቦ ጥቅል ለመድፈን "ቫርኒሽ ይሻላል ኢፖክሲ?" ለሚለኝ ሰው ሁሉ መልሴ ጥያቄ ነው። ይህ ዕቃ ነገ ሲበላሽ ይፈታል ወይስ ይጣላል? ቀጥሎ ደግሞ የት ነው የሚቀመጠው? የኛ ሰሜን ሸዋ ለሁለተኛው ጥያቄ ሆን ተብሎ የተሠራ አገር ይመስላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጣርማ በርን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ፣ በዚያው ቀን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ትደርሳላችሁ። እዚያ ሸሚዝ ራሱ ይከብዳል። አንዱ ጋ በደንብ የያዘ ሬዚን ሌላው ጋ ሊሰነጠቅ ይችላል።

መድፈን ለምን አስፈለገ?

የጥቅል ሽቦ ራቁቱን መዳብ አይደለም። በላዩ ላይ ኢናሜል የሚባል ስስ ልባስ አለው። ውፍረቱ የሚሊሜትር መቶኛ ጥቂት ነው። ያ ልባስ አንድ ቦታ ላይ ከተላጠና ሁለት ጎረቤታሞች ሽቦዎች ከተነካኩ፣ ያ አንድ ዙር ለብቻው ተዘግቶ ከባድ ኮረንቲ ይዞርበታል። ይግላል። አጠገቡ ያለውን ይልጣል። ከዚያ በኋላ ሽታው ቤቱን ሁሉ ያዳርሰዋል።

ልባሱን ከሚልጡት ነገሮች ዋናው ንዝረት ነው። መብራታችን በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የመግነጢሱ ጉልበት ግን በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ስለሚስብ፣ ሽቦውና ላሜራው በሴኮንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣሉ። ትራንስፎርመር "እምምም" የሚለው ለዚህ ነው። ሽቦው ልቅ ከሆነ ሌት ተቀን ይፋተጋል።

እርጥበት ሌላው ነው። የጣርማ በርን የክረምት ጉም ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ሙቀት ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አያስተውልም። የመንዝ በርኖስ የሚያሞቀው በሱፉ መሐል አየር ስለሚይዝ ነው። በሽቦዎች መሐል የቀረ አየርም ጥቅሉን እንደ በርኖስ ያሞቀዋል። ተራ ኢፖክሲ ሙቀት በማስተላለፍ ጎበዝ አይደለም፤ ቢሆንም ከቆመ አየር ሰባት ስምንት እጥፍ ይሻላል። በመሐሉ ያለው ክፍተት ሲሞላ ሙቀቱ ወደ ውጭ መውጫ ያገኛል። በጥቅል ሥራ የቆየ አንድ ደንብ አለ፤ ከተፈቀደው በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመከለያው ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። የመድፈኛው ቆርቆሮ ላይ የምታዩት ፊደልም ይህንኑ ይመለከታል። ቢ 130 ዲግሪ፣ ኤፍ 155፣ ኤች 180 የሚችል ማለት ነው። ሽቦው ኤች ሆኖ መድፈኛው ቢ ከሆነ፣ ጥቅሉ በሙሉ ቢ ነው።

ቫርኒሽ፦ የጥቅል ቤት እንጀራ

ለዕንጨት የሚቀባውን ማለቴ አይደለም። የኤሌክትሪክ ቫርኒሽ ለብቻው አለ፤ ሽቦው ላይ ያለውን ኢናሜል እንዳይበላ ተደርጎ የተሠራ። ቀጭን ስለሆነ በሽቦዎቹ መሐል ሰርስሮ ይገባል። ሲደርቅ ሽቦውን ከሽቦ ያጣብቃል፣ ንዝረቱን ይይዛል። ድምፁም ይቀንሳል።

ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። የተቃጠለ ቫርኒሽ ያለበትን ጥቅል ቆርጣችሁ፣ አሙቃችሁ፣ ጎትታችሁ ታወጡታላችሁ። ላሜራው ይተርፋል። በኛ አካባቢ ሞተር አንዴ ተገዝቶ ሦስት አራት ጊዜ ይጠቀለላል። የወፍጮ ቤት ሞተር በኢፖክሲ ቢሞላ ኖሮ ባለወፍጮው በየጊዜው አዲስ ሞተር ይገዛ ነበር።

አሠራሩ ላይ ነው ጣጣው። ቫርኒሽ እርጥብ ጥቅል ላይ ከተቀባ እርጥበቱን ውስጥ ቆልፎ ያስቀረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቅሉን ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ሁለት ሦስት ሰዓት ማሞቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ለብ እስኪል ጠብቆ መንከር። አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ማቆየት። አውጥቶ ማንጠፍጠፍ። በመጨረሻ ቆርቆሮው በሚያዘው ሙቀት፣ ብዙውን ጊዜ 130 ዲግሪ አካባቢ ለብዙ ሰዓት መጋገር። በአየር የሚደርቅ ዓይነትም አለ። ለትንሽ ትራንስፎርመር ይሆናል፤ ለሞተር ግን ልቤ አይቀበለውም። ላዩ ደርቆ ውስጡ ለሳምንት እርጥብ ይቆያል።

ብዙ ቤት በብሩሽ ላዩን ቀብቶ "ቫርኒሽ ተደርጓል" ይላል። ይህ ማስዋብ ነው። ጥቅሉን ስትቆርጡት ውስጡ ደረቅ ሽቦ ታገኛላችሁ። ዕቃችሁን ስታስጠቀልሉ አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ትነክሩታላችሁ ወይስ ትቀቡታላችሁ?"

አንድ ማስጠንቀቂያ። የቫርኒሹ ማቅጠኛ ተን ይፈነዳል። ከሰል ምድጃ አጠገብ፣ የቤት መጋገሪያ ውስጥ በጭራሽ። በብረት ሳጥን ውስጥ ባለ ክር አምፖሎች አብርተው የሚያደርቁ ባለሙያዎች አሉ፤ መጀመሪያ ላይ ላለው ማሞቂያ ጥሩ ዘዴ ነው። ቫርኒሹ ከተነከረ በኋላ ግን ተኑ መውጫ ሳያገኝ እዚያ ሳጥን ውስጥ መዝጋት ሌላ ጉዳይ ነው።

ኢፖክሲ፦ ድንጋይ የሚሆነው

ሁለት ዕቃ ነው፤ ሬዚኑና ማጠንከሪያው። ሲቀላቀሉ ይጠነክራሉ። ማቅጠኛ ስለሌለው የሚተን ነገር የለም፤ ስለዚህ ክፍተቱን እስከ ጥግ ይሞላል። መኮማተሩም ትንሽ ነው። ውሃ አያስገባም። በአንድ ሚሊሜትር ውፍረት ከ15 ኪሎቮልት በላይ ይችላል። በፋብሪካና በትልልቅ ሕንፃዎች ውስጥ ያለ ዘይት የሚሠሩት ደረቅ ትራንስፎርመሮች ጥቅላቸው በኢፖክሲ ተሞልቶ የተሠራ ነው። የመኪና ኮይል (ለሻማው ብልጭታ የሚሰጠው ጥቅል) ውስጥም ያለው በአብዛኛው እሱ ነው።

ይህን ሰምቶ "እንግዲያው ሁሉንም በኢፖክሲ" የሚል አለ። ትንሽ ቆይ። 220 ቮልት ጫፉ ላይ ሲደርስ 311 ቮልት ነው። አየር ደግሞ ክፍተቱ ምንም ያህል ቢጠብ ከ327 ቮልት ገደማ በታች ብልጭታ አያሳልፍም። ይህ በከፍታ አይለወጥም። ስለዚህ የቤት ትራንስፎርመር ጥቅል ውስጥ ትንሽ የአየር ኪስ ቢቀር ለሙቀት መጥፎ ነው እንጂ ብልጭታ አይፈጥርም። ቫርኒሽ የሚበቃው ለዚህ ነው። ቮልቱ ወደ ሺህዎች ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል። በአረፋው ውስጥ ጥቃቅን ብልጭታ ይነሳል፤ ሬዚኑን ከውስጥ እንደ ነቀዝ ይቦረቡረዋል። ከፍ ባለ አገር ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ይህ ይብሳል። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ለከፍተኛ ቮልት ያለ አረፋ የተሞላ ኢፖክሲ የግድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አረፋውን ለማውጣት ቫኪውም (አየሩን በፓምፕ መምጠጥ) ያስፈልጋል። የፍሪጅ ባለሙያ ፓምፕ ለትንሽ ሥራ ይሆናል። አንድ ወዳጄ ፓምፑን ደብረ ብርሃን አምጥቶ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ከዜሮ በታች ከ0.72 ባር አልወርድ ሲለው "ተበላሽቷል" ብሎ ሊመልሰው ነበር። ፓምፑ ደህና ነው። ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ነው። ውጭ ያለው አየር ራሱ 0.72 ባር ገደማ ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚቀንሰው የለም።

አሁን ወደ ብርዱ እንምጣ። ኢፖክሲ ከብርድ ጋር አይስማማም። የቆርቆሮው መመሪያ "በ24 ሰዓት ይጠነክራል" ሲል 25 ዲግሪ አስቦ ነው። በ15 ዲግሪ እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ከ10 በታች አንዳንዱ ጭራሽ አይጨርስም፤ እንደ ማስቲካ ሆኖ ይቀራል። በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ሞልታችሁ ጠዋት ብትነኩት ጣታችሁ ይሰምጣል። ሠርቶ የሸጠልኝ ሰው አታለለኝ አትበሉ። ዕቃውን ሙቅ ቦታ አቆዩት። እኔ ሳጥን ውስጥ አምፖል አብርቼ 30 ዲግሪ አካባቢ እይዘዋለሁ።

ሬዚኑ ራሱም በብርድ ይረጋል። ሱቅ ውስጥ ወራት የቆየው ነጭ ሆኖ፣ ስኳር ስኳር ብሎ ታገኙታላችሁ። አልተበላሸም። የረጋ ማር ምን ታደርጋላችሁ? ሙቅ ውሃ ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ። ይህም እንደዚያው ነው። 50 ወይም 60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ጥርት እስኪል ማቆየት፣ ከዚያ አቀዝቅዞ መቀላቀል። ካልጠራ አትጠቀሙበት፤ ልኬቱ ይዛባል። በእርጥብ ብርድ ደግሞ ከጠነከረ በኋላ ላዩ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ያወጣል። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ይታጠባል። ሁለተኛ ዙር የምትደርቡ ከሆነ ሳታጥቡ አትደርቡ፣ አይይዝም።

የሚገርመው ተቃራኒውም አለ። ብዙ ሬዚን አንድ ጣሳ ውስጥ ከተቀላቀለ ራሱን ያሞቃል። እርጥብ ድርቆሽ ሲከመር ውስጡ እንደሚግለው ማለት ነው። ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ሥራው ይፈጥናል፣ የበለጠ ይግላል። ግማሽ ኪሎ የፕላስቲክ ጣሳ ውስጥ ረስቼ ሲጨስ አይቻለሁ፤ ጣሳው ቀልጦ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ሸዋ ሮቢት ላይ ይህ ፈጥኖ ይመጣል። ትንሽ ትንሽ እየቀላቀላችሁ፣ በዝርግ ዕቃ፣ በሁለት ሦስት ዙር ሙሉ።

ልኬቱን በዓይን አትገምቱ። ቫርኒሽ ሲሳሳት ይታገሳል፣ ኢፖክሲ አይታገስም። ማጠንከሪያ ሲበዛ "ቶሎ ይጠነክራል" የሚለው ወሬ ኋላ ለምናየው ፖሊስተር እንጂ ለዚህ አይሠራም። ሲበዛም ሲያንስም ለስላሳ ይቀራል። ሳጥኑ በውስጥ 10 በ8 በ7 ሳንቲሜትር ነው እንበል፤ 560 ሚሊሊትር ይይዛል። ላሜራውና ጥቅሉ 380 ይወስዳል ብለን ስንገምት 180 ይቀራል። ኢፖክሲ ከውሃ ትንሽ ስለሚከብድ 200 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። ልኬቱ በክብደት 2 ለ 1 ከሆነ 133 ግራም ሬዚን፣ 67 ግራም ማጠንከሪያ። የግራም ሚዛን ከሌላችሁ አትጀምሩ። ቆርቆሮው "በክብደት" ነው ወይስ "በመጠን" የሚለው? ሁለቱ አንድ አይደሉም።

የመሰንጠቁ ነገርም አለ። ንጹሕ ኢፖክሲ ሲሞቅ ከመዳብ ሦስት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ቀን ግሎ ሌሊት ውርጭ የሚነካው ዕቃ ሲለጠጥና ሲኮማተር ጥግ ላይ ይሰነጠቃል፤ ቀጭን ሽቦም ይበጥሳል። ለዚህ ነው ፋብሪካ የኳርትዝ ዱቄት የሚጨምርበት። መለጠጡን ይቀንሳል፣ ሙቀት ያሳልፋል፣ ሬዚኑንም ያበረክታል። ከወንዝ የመጣ አሸዋ ግን አትጨምሩ። እርጥበትና ሌላ ማዕድን ይዞ ይመጣል።

የተሞላውን መልሶ ለማውጣት እሳት ውስጥ የሚከት ሰው አለ። ጭሱ መርዝ ነው። ላሜራውም ከ350 ዲግሪ በላይ ሲግል በመሐሉ ያለው ስስ መከለያ ይበላሻል። ከዚያ ሞተሩ ባዶውን እየዞረ እንኳ ይግላል። ባለቤቱ "ጥቅለላው መጥፎ ነው" ይላል፤ ጥፋቱ የእሳቱ ነው።

ፖሊዩሬታን፦ ለብርድ የሚሆነው

እንደ ጎማ ይለጠጣል። በብርድ አይሰነጠቅም፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚችል ዓይነት አለ። ለመሐል ሜዳ ወይም ለአንኮበር ደጋ፣ ውጭ ለሚሰቀል የሶላር መቆጣጠሪያና ትንሽ ትራንስፎርመር ምርጫዬ እሱ ነው። በቢላ እየተላጠ ይወጣል፤ በትዕግሥት ከሆነ ይጠገናል። ሙቀት ላይ ግን ከ120 ዲግሪ ገደማ በላይ ብዙ አይሄድም።

ጠላቱ እርጥበት ነው። ማጠንከሪያው ውሃ ሲያገኝ ጋዝ ይሠራል፤ ሬዚኑ እንደ ቦካ ሊጥ ይነፋል። የፈሰሰው ላይ ትንሽ ላብ ቢንጠባጠብ በቂ ነው። በነሐሴ ጉም ውስጥ ባትጀምሩት ይሻላል። ማጠንከሪያው ለሳንባ ክፉ ነው፤ አስም ያመጣል። ክፍት ቦታ፣ ጓንት፣ ጭንብል።

ሲሊኮን፦ ውድ ግን ይቅር ባይ

ከዜሮ በታች 50 እስከ 200 ዲግሪ ይሄዳል። ሁልጊዜ ለስላሳ ነው። ሽቦ አይበጥስም፣ ፌራይት አይሰብርም። ኢንቨርተር (የባትሪን ኮረንቲ ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው) እና ቻርጀር ውስጥ ያለው ጥቁር ኮር፣ ሽቦው የሚጠቀለልበት ማለት ነው፣ ፌራይት ነው፤ እንደ ሸክላ ተሰባሪ። ጠንካራ ኢፖክሲ ሲኮማተር ይጨምቀዋል። ባይሰበር እንኳ የመግነጢስ ጠባዩ ይቀየርና ኢንቨርተሩ ያለ ምክንያት ይግላል። ለዚህ ሲሊኮን ወይም ለስላሳ ፖሊዩሬታን ነው መልሱ። ሳይደፍኑ መተውም መልስ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት በሚሠራ ጥቅል መሐል ሬዚን ሲገባ በሽቦዎቹ መሐል የሚከማቸው ቻርጅ ስለሚጨምር፣ ሥራው የተዛባ ኢንቨርተር አጋጥሞኛል።

የሲሊኮን ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ የመስኮት ሲሊኮን ገዝቶ ይመጣል። አሽቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ አሲድ እየለቀቀ ነው፤ መዳብ ይበላል። ከወራት በኋላ ሽቦው አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለኤሌክትሮኒክስ ተብሎ የሚሸጠው ኮምጣጤ አይሸትም። ሁለት ክፍል ካለው ዓይነት አንዳንዱ ደግሞ ድኝ ያለበት ጎማ ሲነካው አይጠነክርም፤ አንዳንድ የላስቲክ ጓንት ራሱ ያበላሸዋል።

ፖሊስተር፦ የጋራዡ ፈተና

ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ በግማሽ ሰዓት ይጠነክራል። ስቱኮና ፋይበር ግላስ የሚሠሩበት እሱ ነው። እኔም ወድቄበታለሁ። ከሸዋ ሮቢት የመጣ የሽንኩርት ማሳ ፓምፕ ነበር፤ የመነሻ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ትራንስፎርመር በእሱ ሞላሁት። አምሮ ነበር። አንድ የበጋ ወር ሠራ። ሲመለስ ሬዚኑ ከሳጥኑ ግድግዳ ተላቅቆ፣ መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ውሃ ገብቶ ነበር። ሲጠነክር ከመቶ ከአምስት እስከ ስምንት ያህል እንደሚኮማተር ያን ጊዜ አላስተዋልኩም። በውስጡ ያለው ስታይሪን የሚባል ኬሚካልም አንዳንድ ኢናሜል ያለሰልሳል። ባለማሳው ታጋሽ ሰው ነው፤ ገንዘቡን መለስኩለት።

ለጥቅል ተብሎ የተሠራ ፖሊስተር አለ፤ ደህና ነው። የጋራዡን ግን ለጋራዡ ተዉለት።

ሰም፣ ሬንጅና ሌሎች

ሰም ስል አትሳቁ። ጧፍ የሚሠራበት የንብ ሰም ጥሩ መከለያ ነው፤ የድሮ የሬዲዮ ጥቅሎች በሰምና በፓራፊን ይነከሩ ነበር። የሚቀልጠው 62 ወይም 64 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ለሚግል ዕቃ አይሆንም። ለአንድ ነገር ግን ወደር የለውም፦ የኤሌክትሪክ ክራር ፒክአፕ፣ የጅማቱን ድምፅ የሚቀበለው ጥቅል። ልቅ ሽቦ ድምፁ ከፍ ሲል ይጮኻል። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አታቅልጡ፣ ይቀጣጠላል። ድስት ውሃ ውስጥ ሌላ ጣሳ አስቀምጡ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ከዚያ በላይ አይግልባችሁም። ከፍታው ለአንዴ ጠቀመን።

ሬንጅ የድሮ የፍሎረሰንት (የሸምበቆ) መብራት ባላስት፣ ኮረንቲውን የሚገድበው ጥቅል፣ ውስጥ ታዩታላችሁ። ሲግል ይንጠባጠባል። አዲስ ሥራ ላይ አታስገቡት። የጠመንጃ ሙጫ የሚሉት ትኩስ ሙጫ ደግሞ ጫፍ ለመያዝ ካልሆነ ለጥቅል አይሆንም፤ ጥቅሉ ሲግል እሱም ይፈታል።

ምሰሶ ላይ ያሉት የሰፈር ትራንስፎርመሮች በዘይት የሚሠሩ ናቸው፤ እዚህ ንጽጽር ውስጥ አይገቡም። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የወጣ ዘይት ግን ፒሲቢ የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ለብየዳ ማሽን ማቀዝቀዣም፣ ለምንም አትውሰዱት።

እንግዲህ ለየትኛው የቱ?

የቤት ስታቢላይዘርና የዩፒኤስ ትራንስፎርመር፦ ቫርኒሽ፣ ተነክሮ። ክርክር የለውም።

የወፍጮ ሞተር፣ 380 ቮልት፦ ኤፍ ወይም ኤች የሆነ ቫርኒሽ፣ ሁለት ጊዜ ተነክሮ፣ ሁለት ጊዜ ተጋግሮ። ሞተሩ ፍጥነት በሚቀይር ኢንቨርተር የሚነዳ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ጨምሩ። ኢንቨርተሩ ውስጥ ያለው ቮልት 540 ገደማ ነው፤ ረጅም ኬብል ጫፍ ላይ ከ1,000 በላይ ይዘላል። ቀደም ብዬ ያነሳሁት የአየር ኪስ ብልጭታ እዚህ ይነሳል። ለኢንቨርተር የተሠራ ሽቦ ጠይቁ፤ ቫርኒሹም ያለ ክፍተት መግባት አለበት። ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ማቀዝቀዙ ይደክማል። የሞተር ጉልበት ከ1,000 ሜትር በላይ እየተቀነሰ መታሰብ አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ እስከ ጥግ የሚጫን ሞተር የትኛውም ሬዚን አያድነውም።

የብየዳ ማሽን፦ ቫርኒሽ ኤች። ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይቃጠላል፣ ብዙ ጊዜ ይፈታል።

ሚንጃርም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ ውሃ አጠገብ የሚቀመጥ የመቆጣጠሪያ ትራንስፎርመር፦ ዱቄት የተጨመረበት ኢፖክሲ። ትንሽና ርካሽ ስለሆነ ሲበላሽ ይጣል። ጉድጓድ ውስጥ የሚገባውን ፓምፕ ሞተር ግን ራሳችሁ አትሙሉት፤ ያ የፋብሪካ ሥራ ነው።

የመኪና ኮይል፦ ግዙት። ከ12 ቮልት ተነስቶ ከ20,000 በላይ የሚደርስ ዕቃ በቫኪውም ካልተሞላ አይቆይም።

ኢንቨርተርና ቻርጀር፦ ሲሊኮን፣ ወይም ምንም።

ከመዝጋታችሁ በፊት መከለያውን ለኩ። ሞልቲሜትር በጥቂት ቮልት ስለሚለካ ደካማ መከለያ አይገልጥም። በ500 ቮልት የሚለካ ሜገር (የመከለያ መለኪያ) ተዋሱ። አዲስ የተጠቀለለ የ220 ወይም የ380 ሞተር በጥቅሉና በአካሉ መሐል ቢያንስ 5 ሜጋኦም ማሳየት አለበት፤ በደንብ የደረቀ ደግሞ ከመቶ በላይ ያሳያል። አንድ ጊዜ ከመድፈናችሁ በፊት፣ አንድ ጊዜ ከደረቀ በኋላ። በፊት ዝቅ ካለ ሬዚን አያድነውም፤ ይቀብረዋል እንጂ።

ሲያልቅ ሳጥኑ ላይ በማይጠፋ ማርከር ጻፉበት፦ የሽቦው ውፍረት፣ ስንት ዙር፣ በምን እንደተደፈነ፣ ወርና ዓመተ ምሕረቱን። ከደብረ ሲና የመጣው ስታቢላይዘር ላይ ይህ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ አዲሱን ለመጠቅለል ዙር መቁጠር አያስፈልገኝም ነበር።